ድምፁ ስም አለው፤ ከበሮውስ?

ደብ ፒስቶልስ የተባለውን ባንድ እንደ ትምህርት ማድመጥ

(ከሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ)

ስለ ሙዚቃ በሚቀርቡ ዘገባዎች ውስጥ አንዲት በጣም የተወደደች ቃል አለች፤ «ቅልቅል»። «ባንዱ ሬጌን ከሂፕ ሆፕ ጋር ቀላቅሎ ይጫወታል» ይባልና ዘገባው ወደ ኮንሰርቱ ቀንና ወደ መግቢያው ዋጋ ያልፋል። በኤፍ ኤም ሬዲዮ እንሰማታለን፣ በጋዜጣ የኪነ ጥበብ ገጽ ላይ እናነባታለን። ቃሏ ውሸት አይደለችም። ነገር ግን ዶሮ ወጥን «የሽንኩርትና የበርበሬ ቅልቅል» ብሎ እንደ መግለጽ ነው፤ የበላ ሰው ይገባው ይሆናል፣ ላልበላው ግን ምንም አትነግረውም።

በዚህች ጽሑፍ አንድ ባንድ መርጬ ቅልቅሉን ወደ መጣበት መልሼ ልፈታው እሞክራለሁ። ባንዱ ደብ ፒስቶልስ ይባላል፤ የለንደን ነው። የመረጥኩበት አንዱ ምክንያት የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃን፣ ብሬክቢትን፣ ሂፕ ሆፕን፣ ስካንና ሬጌን በአንድ መድረክ ላይ ስለሚጫወት ለትምህርት የሚመች መሆኑ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ይበልጥብኛል። ይህን ባንድ እየፈታን ስንሄድ መጨረሻ ላይ የምንደርስበት ጥያቄ የሙዚቃ ብቻ ሳይሆን የኛም የሙያችን ጥያቄ ነው። አንድን ሥራ አብረው ከሠሩ ሰዎች መካከል የማን ስም ይጻፋል? የማንስ ይቀራል?

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላሳስብ። የአገራችንን አዋጅ ከምጠቅስበት ቦታ በስተቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባንዱን ለማስተዋወቅ ያህል

ደብ ፒስቶልስን በ1996 ለንደን ውስጥ ያቋቋመው ባሪ አሽዎርዝ ነው። አሽዎርዝ ከዚያ በፊት የዳንስ ምሽቶችን ያዘጋጅ የነበረና ደጃ ቩ በተባለ ባንድ ውስጥም የሠራ ሰው ነው። የመጀመሪያው አልበም «ፖይንት ብላንክ» በ1998 ወጣ። ጊዜው እንግሊዝ አገር ውስጥ «ቢግ ቢት» የሚባለው ስልት የገነነበት ነበር፤ እነ ኬሚካል ብራዘርስና ፋትቦይ ስሊም ወፍራም ከበሮና ከአሮጌ ሸክላ የተቆረጠ ድምፅ ይዘው ጭፈራ ቤቱንም ሬዲዮውንም የያዙበት። ደብ ፒስቶልስም ከዚያው ሠፈር ተነሣ፤ ከዚያ ግን ፊቱን ይበልጥ ወደ ጃማይካ አዞረ። «ሲክስ ሚሊዮን ዌይስ ቱ ሊቭ»፣ «ስፒከርስ ኤንድ ትዊተርስ» (2007)፣ «ረም ኤንድ ኮክ» (2009)፣ «ወርሺፒንግ ዘ ዶላር» (2012) እያለ እስከ «ፍሮንትላይን» (2023) ድረስ መጥቷል።

ባንዱ እንደ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቡድን ቢቆጠርም መድረክ ላይ ሲወጣ ከማሽኑ ጋር ድራም፣ ባስ ጊታርና የትንፋሽ መሣሪያ አለ፤ ራፐርም አለ። ሌላው መታወቂያው እንግዳ መጥራት ነው። ጃማይካዊው አንጋፋ ድምፃዊ ሆራስ አንዲ፣ «ዘ ስፔሻልስ» የተባለው የስካ ባንድ ድምፃዊ ቴሪ ሆል፣ የሬጌው ግሪጎሪ አይዛክስ፣ የለንደኑ ራፐር ሮድኒ ፒ በአልበሞቹ ላይ ዘፍነዋል። ስማቸው ከዘፈኑ ርዕስ ጎን ተጽፏል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ብሬክ ማለት ምን ማለት ነው?

ብሬክቢት የሚለው ቃል ውስጥ ያለችው «ብሬክ» የመኪና ፍሬን አይደለችም። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ በተቀረጹ የአሜሪካ ፈንክና ሶል ሸክላዎች ውስጥ ድምፃዊው የሚያርፍበት፣ የትንፋሽ መሣሪያው ዝም የሚልበት፣ ድራመሩ ብቻውን የሚቀርበት ጊዜ አለ። ጥቂት ሰከንድ ናት። ከዚያ ሁሉም ይመለሳል። ብሬክ የምትባለው ያቺ የድራመሩ ብቻ የሆነችው ጊዜ ናት።

ይህቺን ጊዜ ወደ ሙሉ ሙዚቃ የቀየራት ዲጄ ኩል ሄርክ ነው። የትውልድ ስሙ ክላይቭ ካምቤል ነው፤ ኪንግስተን ጃማይካ ተወልዶ በ1967 ገና ልጅ ሳለ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ የሄደ። ነሐሴ (ኦገስት) 11 ቀን 1973 እኅቱ ሲንዲ ለትምህርት ቤት መክፈቻ ልብስ መግዣ ገንዘብ ለማግኘት 1520 ሴድጅዊክ አቬኑ በሚገኘው መኖሪያ ሕንፃቸው ውስጥ ድግስ አዘጋጀች፤ ሙዚቃውን ወንድሟ አጫወተ። ብዙዎች የሂፕ ሆፕን ልደት የሚቆጥሩት ከዚያች ምሽት ጀምረው ነው።

ሄርክ ያስተዋለው ነገር ቀላል ነው። ጨፋሪው ዘፈኑን እየሰማ ይቆይና ብሬኩ ሲመጣ ነው የሚነሣው። ስለዚህ ያንኑ ሸክላ ሁለት ገዝቶ በሁለት ማጫወቻ ላይ አደረገ፤ በአንዱ ላይ ብሬኩ ሲያልቅ በሁለተኛው ላይ ይጀምራል፣ ያኛው ሲያልቅ የመጀመሪያውን ወደ ኋላ መልሶ ያስገባዋል። የጥቂት ሰከንዷ የደቂቃዎች ሆነች። በዚያ ላይ ማይክራፎን ይዞ ሕዝቡን መጥራት፣ መቀስቀስ ተጨመረበት። ግዙፍ ስፒከር ደርድሮ፣ ሸክላ እያጫወቱ፣ በሸክላው ላይ በማይክ መናገር ደግሞ በኪንግስተን መንደሮች ውስጥ ቀድሞ የነበረ ልማድ ነው፤ «ሳውንድ ሲስተም» ይሉታል።

እንግዲህ «ሂፕ ሆፕን ከሬጌ ጋር ቀላቀለ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከወዲሁ ሊላላ ጀመረ ማለት ነው። ሂፕ ሆፕን ከጀመሩት አንዱ ከሬጌ አገር የመጣ ልጅ ነው። ሁለቱ የአንድ አያት ልጆች ናቸው፤ ደብ ፒስቶልስ አንድ ማዕድ ላይ ቢያስቀምጣቸው የሚያስገርም ነገር የለውም።

በ1980ዎቹ «ሳምፕለር» የሚባል ማሽን ሲረክስ የሄርክን የሁለት ሸክላ ሥራ አንድ ልጅ መኝታ ክፍሉ ውስጥ መሥራት ቻለ። ማሽኑ ከሸክላው ላይ ጥቂት ሰከንድ ይቀርጽና ደጋግሞ ያጫውታል፤ ማፍጠንም ማዘግየትም ይቻላል። የእንግሊዝ ወጣቶች አፈጠኑት። ከዚያ ነው ጃንግል፣ ድራም ኤንድ ቤዝ፣ ቢግ ቢት እየተባለ የሚጠራው ቤተሰብ በሙሉ የተወለደው።

ስካ በየት በኩል መጣ?

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንሂድ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የኪንግስተን ሰዎች ከአሜሪካ በሬዲዮ የሚመጣውን ሪትም ኤንድ ብሉዝ ይሰሙ ነበር። የአገሩ ሙዚቀኞች ይህንኑ ሲጫወቱት ክብደቱን ከዋናው ምት አንሥተው በምቶቹ መካከል አደረጉት። እንዴት እንደሆነ ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። አሁኑኑ በእግራችሁ መሬቱን በእኩል ፍጥነት ምቱ፤ እግራችሁ ወደ ላይ በተነሣ ቁጥር ደግሞ አጨብጭቡ። ጭብጨባው የስካ ጊታር ነው። ፈጠን ካላችሁ ስካ ይሆናል፤ በጣም ዘግየት ብላችሁ ባሱን ከባድ ካደረጋችሁት ሬጌ ወዳለበት ትቀርባላችሁ።

ከስካ መሥራቾች ብዙዎቹ የተማሩት ኪንግስተን ውስጥ በሚገኘው አልፋ ቦይስ ስኩል ነው፤ የካቶሊክ ሴት መነኮሳት ለድሃ ልጆች ይመሩት የነበረ ትምህርት ቤት ነው። የትሮምቦን ተጫዋቹ ዶን ድራመንድ ከዚያ የወጣ ነው፤ እሱ የነበረበት «ዘ ስካታላይትስ» የተባለው ባንድ ደግሞ በ1964 ተቋቋመ። ይህ ባንድ ከተጫወታቸው ሥራዎች አንዱ «አዲስ አበባ» ይባላል። የኛ ከተማ ስም እዚያ ምን አደረገ ለሚል መልሱ የሚታወቅ ነው። ስማቸውን ከራስ ተፈሪ የወሰዱት የራስታ እምነት ተከታዮች ለሙዚቀኞቹ ቅርብ ነበሩ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ (ኤፕሪል) 21 ቀን 1966 ኪንግስተን ሲገቡ አውሮፕላን ማረፊያውን ሕዝብ ሞልቶት ነበር። ስካ ዘግይቶ ወደ ሮክስቴዲ፣ በ1968 ገደማም ወደ ሬጌ ሲለወጥ የኢትዮጵያ ስም አብሮ ተሻገረ።

ሙዚቃው እንግሊዝ የገባው በሰው ሻንጣ ነው። በ1948 «ኢምፓየር ዊንድራሽ» የተባለችው መርከብ ከካሪቢያን ሠራተኞችን አምጥታ ካራገፈች በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ተከተሉ። ሸክላቸውንና ሳውንድ ሲስተማቸውን ይዘው መጡ። ልጆቻቸው ከነጭ ሠራተኛ ልጆች ጋር አንድ ትምህርት ቤት ገቡ፣ አንድ ሠፈር አደጉ። የመኪና ፋብሪካዎች ከተማ በሆነችው ኮቨንትሪ ጄሪ ዳመርስ የተባለ ኪቦርድ ተጫዋች ጥቁርና ነጭ ወጣቶች ያሉበትን «ዘ ስፔሻልስ»ን አቋቋመ፤ በ1979 ደግሞ «ቱ ቶን» የተባለውን የሸክላ ድርጅት ጀመረ። ድምፃዊው ቴሪ ሆል ነበር። በ1981 በጋ፣ ሥራ አጥነት በርትቶ በብዙ የእንግሊዝ ከተሞች ረብሻ በተነሣበት ወቅት «ጎስት ታውን» የተባለው ዘፈናቸው በአገሩ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ።

ስፔሻልስ መበደርን አይፈሩም ነበር። «ጋንግስተርስ» የተባለው የመጀመሪያ ነጠላ ዜማቸው የተሠራው በጃማይካዊው ፕሪንስ ባስተር «አል ካፖን» ላይ ተመሥርቶ ነው። «ኤ ሜሴጅ ቱ ዩ ሩዲ» ደግሞ በ1967 ዳንዲ ሊቪንግስተን ያወጣው ዘፈን ነው። ይህንን ሲሠሩ ግን ደስ የሚል ነገር አደረጉ። በመጀመሪያው ቅጂ ላይ ትሮምቦን የተጫወተውን ሪኮ ሮድሪገስን ፈልገው አምጥተው በነሱም ቅጂ ላይ አጫወቱት። ሪኮም የአልፋ ቦይስ ስኩል ልጅ ነው፤ በ1961 እንግሊዝ የገባ። የተበደሩትን ከነባለቤቱ አመጡት ማለት ነው።

ደብ ፒስቶልስ ይህንን ልማድ የወረሰ ይመስለኛል። ቴሪ ሆልን ማስዘፈን ማለት የስካን ድምፅ ከሸክላ ቆርጦ ከመለጠፍ ይልቅ ሰውየውን ራሱን ስቱዲዮ መጥራት ነው። በ2007ቱ አልበም ላይ ቴሪ ሆል «ራፕቸር»ን ዘፍኗል። «ራፕቸር» የኒው ዮርኩ «ብሎንዲ» ባንድ ዘፈን ሲሆን በ1981 በአሜሪካ አንደኛ የወጣ፣ ራፕ ያለበት የመጀመሪያው አንደኛ ዘፈን እየተባለ የሚነሣ ነው። በራፑ ውስጥ ፋብ ፋይቭ ፍሬዲና ግራንድማስተር ፍላሽ የተባሉት የሂፕ ሆፕ ሰዎች በስማቸው ተጠርተዋል። ከብሮንክስ የተበደረው የኒው ዮርክ ባንድ ያበደሩትን ጠራ፤ ከዚያ ባንድ የተበደረው የለንደን ባንድ ደግሞ የኮቨንትሪውን ድምፃዊ ጠራ። ቴሪ ሆል በታኅሣሥ (ዲሴምበር) 2022 አርፏል፤ ድምፁና ስሙ ግን በዚያ አልበም ላይ አብረው አሉ።

ለምን አይጋጩም? የቁጥር ነገር

አንዳንዱ ሙዚቃ ከሌላው ጋር አልሄድ ይላል። እነዚህ ለምን ይሄዳሉ? መልሱ በከፊል ሒሳብ ነው። ብዙ የሬጌ ዘፈን በደቂቃ ከ70 እስከ 80 ምት አካባቢ ይሄዳል። አንድ ሬጌ በ70 ቢሄድና አንድ ብሬክቢት በ140 ቢሄድ ሁለተኛው የመጀመሪያው እጥፍ ነው፤ ሁለት የከበሮ ምት በአንድ የባስ ምት ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። ባሱ በዝግታ ይራመዳል፣ ከበሮው ከላይ ይሮጣል፣ እግራቸው ግን በአንድ ጊዜ ነው የሚያርፈው። ጨፋሪው ከፈለገ ባሱን ይዞ ይወዛወዛል፣ ካልፈለገ ከበሮውን ይዞ ይዘላል። ራፐሩም ከሁለቱ በፈለገው ፍጥነት ላይ ቃሉን መደርደር ይችላል።

ይህ ለሁሉም ሙዚቃ አይሠራም። የኛ ቺክቺካ እያንዳንዱን ምት በሦስት ይከፍላል፤ ብሬክቢት ደግሞ በሁለትና በአራት። እንዲያው በላዩ ላይ ብትጭኑት ይገፋፋል፤ አቀናባሪው ብዙ መድከም አለበት። ስለዚህ «ቀላቀለ» ከማለት በፊት ምኑ ከምኑ ጋር እንደገጠመ ማድመጥ ይጠቅማል።

ሌላው ማያያዣ ባንዱ በስሙ ውስጥ ያስገባው «ደብ» ነው። ደብን በኪንግስተን ካሳደጉት ዋናው ኪንግ ታቢ፣ ሙያው ኤሌክትሮኒክስ መጠገን ነበር። የተቀረጸ ዘፈን ይወስድና በድምፅ ማቀናበሪያው ላይ ዘፋኙን ያጠፋዋል፣ ጊታሩን ብቅ አድርጎ ይመልሰዋል፣ ከበሮና ባሱን ብቻ ያስቀርና የገደል ማሚቶ ይጨምርበታል። ያው ዘፈን ሌላ ዘፈን ይሆናል። ዛሬ የዳንስ ሙዚቃ ሠሪ በኮምፒዩተር የሚያደርገውን ታቢ በ1970ዎቹ በእጁ ያደርገው ነበር። «ኤሌክትሮኒክ» የሚለው የባንዱ ወገንም ቢሆን ግማሽ ሥሩ እዚያው ጃማይካ ነው።

ከበሮው የማን ነው?

እስካሁን የጠራሁትን ስም ተመልከቱ። ድምፃውያን፣ ዲጄ፣ ትሮምቦን ተጫዋቾች፣ የስቱዲዮ ሰው። ብሬክቢት ግን በስሙ እንደሚናገረው የቆመው በድራም ላይ ነው። ድራመሩ የት አለ?

በዚህ ረገድ ዋናው ምሳሌ በ1969 «ዘ ዊንስተንስ» የተባለ የአሜሪካ ባንድ ያወጣው ሸክላ ነው። በፊት ለፊቱ ገጽ ላይ ያለው ዘፈን ግራሚ አሸንፏል። በጀርባው ላይ «ኤመን ብራዘር» የተባለ ድምፃዊ የሌለው ሥራ አለ፤ መካከሉ ላይ ሁሉም ዝም ይልና ድራመሩ ለብቻው ሰባት ሰከንድ ያህል ይጫወታል። ይህቺ ሰባት ሰከንድ በሳምፕለር ዘመን ተቆርጣ ሂፕ ሆፕ ውስጥ ገባች፤ ከዚያ እንግሊዝ ተሻግራ የጃንግል የጀርባ አጥንት ሆነች። በሺዎች የሚቆጠሩ ዘፈኖች ውስጥ አለች። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ጊዜ ከተቆረጡ የሙዚቃ ቁራጮች አንዷ ናት።

ድራመሩ ግሪጎሪ ኮልማን ይባላል። በ2006 አትላንታ ውስጥ ሞተ። የባንዱ መሪ ሪቻርድ ስፔንሰር እንደተናገረው ኮልማን ሲሞት ቤት አልባና ገንዘብ አልባ ነበር። ከዚያች ሰባት ሰከንድ አንድ ሳንቲም አልደረሰውም። ስፔንሰርም ነገሩን የሰማው በ1996 ከዘፈኑ ላይ ዋናውን ቅጂ የፈለገ አንድ ድርጅት ሲደውልለት ነው፤ ለመክሰስ ጊዜው አልፎ ነበር። በ2015 የእንግሊዝ ሙዚቀኞችና አድማጮች በበጎ ፈቃድ አዋጥተው 24,000 ፓውንድ ሰጡት። ስፔንሰር በ2020 አረፈ።

ይህንን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ሌብነት ነው» ብለው ይጨርሳሉ። እኔ ግን ከዚያ አልፎ አንድ የሚያሳስብ ነገር ይታየኛል። ሕጉ በደንብ ሠርቶ ቢሆን እንኳ ገንዘቡ የሚሄደው ወደ ስፔንሰር ነበር፤ የሥራው ባለመብት እሱ ነበርና። ድራመሩ በቀረጻው ቀን ተጫውቶ የወጣ ሰው ነው። የቅጂ መብት ሕግ በአብዛኛው ዜማና ግጥምን እንደ ፈጠራ፣ የተቀረጸውን ድምፅ እንደ ንብረት ያያል፤ የከበሮ አመታትን ለብቻው እንደ ድርሰት የማየት ልማድ ግን የለውም ማለት ይቻላል። የጄምስ ብራውን ድራመር ክላይድ ስታብልፊልድም «ፈንኪ ድራመር» በተባለው ሥራ ላይ የተጫወተው እንደዚሁ ለቁጥር በሚታክቱ የሂፕ ሆፕ ዘፈኖች ውስጥ ገብቶ በ2017 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ የባለመብት ድርሻ አላገኘበትም።

ስለዚህ መበደሩ ራሱ ወንጀል አይደለም እላለሁ። ስካ ከአሜሪካ ተበደረ፣ ብሮንክስ ከኪንግስተን ተበደረ፣ ኮቨንትሪ ከሁለቱም። ሳይበደር የተወለደ ሙዚቃ ካለ አሳዩኝ። ችግሩ ያለው አከፋፈሉ ላይ ነው። ድምፅ ሲበደሩ ባለቤቱ ይታወቃል፤ ሆራስ አንዲን ያስዘፈነ ሰው «ከሆራስ አንዲ ጋር» ብሎ ይጽፋል፣ ባይጽፍም አድማጩ ያውቀዋል። ከበሮ ሲበደሩ ግን ባለቤቱ ድምፅ የለውም፣ ፊት የለውም። ሰውየው የሰጠው ሙሉ ሙዚቃውን የሚያቆመውን ነገር ሆኖ ሳለ ስሙ ለመጥፋት የሚቀለው የሱ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመጣ

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ2010 የኒው ዮርኩ ራፐር ናስና የቦብ ማርሊ ልጅ ዴሚየን ማርሊ «ዲስታንት ሬላቲቭስ» የተባለ አልበም በጋራ አወጡ። የመጀመሪያው ዘፈን «አስ ዊ ኤንተር» የተሠራው ከሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» በተቆረጠ ሙዚቃ ላይ ነው። ሂፕ ሆፕና ሬጌ እንደገና ሲገናኙ መገናኛው አዲስ አበባ ሆነ። ስንሰማው ደስ ይለናል፣ «ሙላቱ እኮ ነው!» እንላለን። ልክ ነው፣ ድርሰቱ የሱ ነው። ግን ከሙላቱ ጋር ድራሙንና ባሱን የተጫወቱትን እጆች ስም ስንቶቻችን መጥራት እንችላለን?

የአክስቴ ልጅ ድራም ይጫወታል። ባለፈው ዓመት አንድ ስቱዲዮ ጠርቶት ለአንድ ዘፈን ግማሽ ቀን ተጫወተና የዕለት ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ዘፈኑ ሲወጣ የዜማ፣ የግጥም፣ የቅንብር፣ የካሜራ፣ የሜካፕ ሳይቀር ስም ተዘርዝሯል፤ የሱ የለም። ደውሎ ሲጠይቅ «ድራሙ እኮ ከኮምፒዩተር የወጣ ነው የሚመስለው፣ ማን ይለየዋል?» አሉት። «ብሩንስ ተከፍያለሁ» አለኝ፤ «ለእማዬ ከፍቼ የማሳያት ስም ነበር የፈለግኩት»። ያን ዘፈን በሬዲዮ ያስተዋወቁት ጋዜጠኞችም የጠቀሱት ድምፃዊውንና አቀናባሪውን ብቻ ነው። ከመግለጫው ላይ አንብበው ነው፤ አልዋሹም። ግን የጠየቀም የለም።

የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲን ብቻ ሳይሆን «ከዋኝ» ብሎ የሚጠራውን ሥራውን የሚጫወተውን ሰው ያውቀዋል፤ «ተዛማጅ መብት» የሚለው ሐረግ የገባው ለነዚህና ለመሳሰሉት ነው። ወረቀቱ ላይ ቦታ አለው ማለት ነው። ዘገባችን ላይስ?

ለዘገባ የሚሆኑ ጥያቄዎች

ይህንን ሐሳብ ለክፍል ጓደኞቼ ሳነሣ አንዱ «ዘገባ እኮ ሦስት መቶ ቃል ነው፤ የድራመር ስም የት ልናስገባ ነው?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን አንድ ሐረግ ይበቃል የሚል ነው። ለማሳየት ያህል ሁለት መግቢያዎች ልጻፍ። የመጀመሪያው በተለመደው መንገድ፦

«የኤሌክትሮኒክ ዳንስ፣ የሂፕ ሆፕ፣ የስካና የሬጌ ስልቶችን በመቀላቀል የሚታወቀው ደብ ፒስቶልስ ከ1996 ጀምሮ በርካታ አልበሞችን ለአድማጭ አድርሷል።»

ሁለተኛው፦

«የደብ ፒስቶልስ ከበሮ ሥሩ የአሜሪካ ድራመሮች በ1960ዎቹ መጨረሻ ለብቻቸው የተጫወቱት ብሬክ ነው፤ ባሱ ከኪንግስተን ነው፤ የስካው ድምፅ የኮቨንትሪው ቴሪ ሆል ራሱ ነው። በ1996 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው ባንድ እነዚህን በአንድ መድረክ ያቆማል።»

ሁለተኛው ትንሽ ረዘም ቢልም ያልሰማ ሰው የሚይዘው ነገር አለው። ወደዚህ ለመድረስ ሙዚቀኛ መሆን አይጠይቅም፤ መጠየቅ ነው የሚጠይቀው። እኔ ለራሴ የያዝኳቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ከበሮው በእጅ የተመታ ነው፣ ከማሽን የወጣ ነው ወይስ ከሌላ ሥራ የተቆረጠ? ከተቆረጠ ከየትኛው? ሁለተኛ፣ ስልቱ ከየት ተነሣ፣ በማን በኩልስ እዚህ ደረሰ? «ሬጌ» ብሎ ከማለፍ «ከእገሌ የተማረው» ማለት ይሻላል። ሦስተኛ፣ የተበደሩት ሰው በሕይወት ካለ ጠየቁት ወይ? ስሙ ተጽፏል ወይ? አራተኛ፣ በመግለጫው ላይ ስሙ የሌለ፣ ድምፁ ግን የሚሰማ ሰው አለ ወይ?

አራተኛዋ ከሁሉም ትከብዳለች። መግለጫ ላይ የሌለውን ስም መፈለግ ስልክ መደወል ነው፣ ስቱዲዮ ድረስ መሄድ ነው፣ አንዳንዴም «ምን አገባህ» መባል ነው። ግን በሌላ ዜና ላይ እንዲህ እናደርግ የለም እንዴ? የሕንፃ ምረቃ ስንዘግብ የባለሀብቱን ስም ብቻ ጽፈን ግንበኞቹን ብንረሳ መምህራኖቻችን «ሌላው ወገን የታለ?» ብለው በቀይ ያሰምሩበታል። ሙዚቃ ላይ ሲደርስ ያቺ ቀይ እስክሪብቶ የት እንደምትገባ እንጃ።

ለመልመጃ የሚሆን ነገር ጠቁሜ ላብቃ። እያንዳንዳችን በዚህ ሳምንት ደጋግመን ከምንሰማው የአማርኛ ዘፈን አንድ እንምረጥ። ድራሙን የመታውን፣ ባሱን የተጫወተውን፣ ትንፋሹን የነፋውን ሰው ስም ፈልገን በወረቀት ጽፈን በዲፓርትመንቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንለጥፍ፤ ያላገኘን የዘፈኑን ርዕስ ጽፈን አጠገቡ ባዶ መስመር እንተው። እኔ የአክስቴ ልጅ የተጫወተበትን ዘፈን ይዣለሁ። የሱ መስመር ባዶ አይሆንም።